ደስታና ገመቹ አንድ ሰው ስለ መሆናቸው

ጡረታ ወጥቼ ነቀምቴ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ባሕር ይጠይቀኛል። ማዕበሉ ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ዓሣ ነባሪ አይተሃል ወይ፣ ምግቡስ እንዴት ነው ይሉኛል። ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። አንድም ሰው ግን ከሥራ ዘመንህ ሁሉ የከበደህ የቱ ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝ መልሴ ያስገርመው ነበር። የከበደኝ ባሕር በሌለበት በዚሁ በነቀምቴ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። የዚያን ጊዜ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። ንዴቴ ግን አላለፈም።

የተወለድኩት አርጆ አካባቢ ነው። አባቴ ዋቅጅራ ገበሬ ነበሩ። እኔን ገመቹ ብለው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ለትምህርት ነቀምቴ መጥቼ አክስቴ ዘንድ ስቀመጥ፣ የመጀመሪያው ቀን መምህር አስፋው የሚባሉ የጎጃም ሰው መዝገብ ይዘው ስም ይጠይቁ ነበር። ተራዬ ደርሶ "ገመቹ" አልኩ። ትርጉሙ ምንድን ነው አሉኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ቀድሞኝ "ደስታ ማለት ነው" አላቸው። እሳቸውም እንግዲያውስ ደስታ እንበልህ አሉና ጻፉት። በክፋት አልነበረም። ከክፍሉ ግማሹ ያን ቀን ሌላ ስም ይዞ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ትምህርት ቤት ደስታ፣ አክስቴ ቤት ገመቹ ሆኜ ኖርኩ። ይህ ነገር አንድ ቀን እንጀራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል ማን ያስባል?

ስምንተኛን ከጨረስኩ በኋላ የአንድ ቡና ነጋዴ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ገባሁ። ቡናውን ከወለጋ ጭነን አሰብ እናደርስ ነበር። በሦስተኛው ጉዞዬ መኪናችን ወደቡ ላይ ተበላሸና ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ከመርከቦቹ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሾፌሩ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። መጀመሪያ ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸከምኩ። ቆይቶ አንድ የንግድ መርከብ የዴክ፣ ማለትም የመርከቡ ወለል፣ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁና ሄድኩ። የመዘገበኝ የውጭ አገር ሰው ነበር። ስሜን ሲጠይቀኝ ከአፌ የወጣው ገመቹ ዋቅጅራ ነው። ቋንቋዬን የማያውቅ ሰው ፊደል በፊደል እየጠየቀ፣ እንዳልኩት አድርጎ ጻፈው። የባሕረኛ ደብተሬ በዚህ ስም ወጣ።

የመርከብ የመጀመሪያው ዓመት ዝገት መፋቅ ነው። ትፍቃለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ትጨርሳለህ፤ ስትጨርስ የጀመርክበት ቦታ ዝጎ ይጠብቅሃል። ከዚያ በላይ ለመውጣት የአንደኛ ደረጃ ባሕረኛነት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ይህን ያለፈ ሰው መሪ ይይዛል፣ የነፍስ አድን ጀልባ ያወርዳል፣ ከፊት ቆሞ ባሕሩን ይጠብቃል። ያላለፈ ዕድሜ ልኩን መጥረጊያ ይዞ ይኖራል። ለፈተናው ለመቅረብ የሦስት ዓመት የባሕር አገልግሎትና የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ሁለቱም ይኖሩኛል ብዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ቆጠርኩ።

የዴኩ ሠራተኞች አለቃ ዑመር የሚባሉ የምፅዋ ሰው ነበሩ። ሁላችንም አሚ ዑመር እንላቸዋለን፤ በነሱ አነጋገር አጎቴ እንደ ማለት ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የጎደላቸው። ገመድ ላይ ተቀምጠው አይተናቸው አናውቅም፤ እኛም እንድንቀመጥ አይፈቅዱም። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በዴኩ ላይ ይዞሩና እያንዳንዱን ገመድ በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። በመዳፍ አይነኩም፤ መዳፋቸው ደድሯል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ሰዎቻቸው ሁሉ ሳይበሉ አይቀመጡም። አመስግነውኝ አያውቁም። ሥራዬ ደህና ሲሆን ዝም ብለው ያልፋሉ፤ መጥፎ ሲሆን ይቆማሉ። እኔም ከኋላዬ የሚመጣው ኮቴ እንዳይቆም እየጸለይኩ ነበር የምሠራው።

የገመድ ቅጥልን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገመዱ በሦስት ፈትል የተገመደ ነው። ጫፉን ትፈታለህ፣ ገመዱን በሾለ እንጨት ትከፍታለህ፣ እያንዳንዱን ፈትል አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያደረግህ ታሳልፋለህ። ሦስቱም ሲያልፉ አንድ ዙር ይባላል። አሚ ዑመር አምስት ዙር ይፈልጉ ነበር። ሦስት ዙር ያለውም አምስት ዙር ያለውም ጫፉ በክር ከተጠቀለለ በኋላ ለዓይን አንድ ነው። እሳቸው ዓይናችንን በጨርቅ አስረው ያሠሩናል። መርከብ ላይ ገመድ የሚበጠሰው ለማየት በሚመችህ ሰዓት አይደለም ይላሉ። እኔ ቶሎ ያዝኩት። አባቴ ጠፍር እያለፉ ሲገምዱ እያየሁ ያደግሁ ስለሆነ እጄ ነገሩን ያውቀዋል። ቶሎ መያዜ ነው መጨረሻ ላይ ያጠፋኝ።

አሰብ ላይ ቡና ስንጭን ነው። ቀትር ላይ ብረቱ እግር ያቃጥላል። ጆንያ የሚያነሳው አንዱ ማንጠልጠያ ገመድ ጫፉ ተልጦ ነበርና አሚ ዑመር አዲስ ገመድ ሰጥተው ቀጥል አሉኝ። የወደቡ ሠራተኞች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ጭነት ማንሻውን ዊንች የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይጮሃል። ሦስት ዙር ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ። አሚ ዑመር መርከቡ ጫፍ ላይ ነበሩ። በቃኝ ብዬ ጫፉን ጠቀለልኩትና ሰጠሁ።

ገመዱ ለአሥራ አንድ ጊዜ ያህል አነሳ። ከዚያ አየር ላይ እንዳለ ተፈታ። ከሥር በጭነት መጋዘኑ ውስጥ ተስፋይ ነበር። ተስፋይ ከኔ ጋር በአንድ ሳምንት የተቀጠረ፣ በአንድ ክፍል የምንተኛ ጓደኛዬ ነው። ጆንያዎቹ ቀኝ እግሩ ላይ ወረዱ። ሆስፒታል ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ካፒቴኑ በመዝገቡ ላይ አደጋው የደረሰው ገመዱ በማርጀቱ ነው ብለው ጻፉ። ገመዱ አዲስ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። አሚ ዑመር የተፈታውን ጫፍ አንስተው ፈትሎቹ የተጣጠፉበትን ምልክት በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት ሲደርሱ አቆሙ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "ለካፒቴኑ መናገሩን ተወው። ለተስፋይ ግን በአፍህ ንገረው" አሉኝ።

ስድስት ቀን አመነታሁ። በሰባተኛው ሆስፒታል ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነገርኩት። ተስፋይ ለረጅም ጊዜ አየኝና "እኔ ገመዱ ነው ብዬ ነበር" አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያን ቀን በኋላ አላገኘሁትም። አገሩ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድባል አይደለም። ቀጥሎ የምናገረው ነገር ለምን እንደዚህ እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ነው። ሰው አካለ ጎደሎ ላደረገ ጥፋቴ መንግሥትም ኩባንያም አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። አባቴ ላወጡልኝ ስም ግን እንደ ወንጀለኛ አስቆመኝ።

ሦስት ዓመቴን ስሞላ ለፈተና ልመዘገብ ቀረብኩ። የተቀበለኝ ጸሐፊ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ባሕር ላይ የሠራው ገመቹ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰው ደስታ ነው፣ ሁለታችሁም አንድ አንድ ነገር ይጎድላችኋል አለና ሳቀ። ሁለቱ አንድ ሰው ስለ መሆናቸው ከተወለድክበት አገር ማስረጃ ካላመጣህ አልመዘግብህም አለ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ተኩል ነበር የቀረው። አሚ ዑመር የሥራ ውላቸው አልቆ ወደ ምፅዋ ሊገቡ ሲሉ ፈተናህን አይቼ እሄዳለሁ ብለው አንድ ጉዞ ጨምረው ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ወደ ነቀምቴ ተነሳሁ።

እንግዲህ ኮሪደሩ እዚህ ላይ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ከሸዋ ተሹሞ የመጣ ሰው ነበር። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ በጽሑፍ አንተ ብለው አልቆጭም። ውጭ ዛፉ ሥር የተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ ያዘጋጁልኝን ወረቀት ሦስት ጊዜ መለሰው። አንዴ ለበላይ የሚገባው የአክብሮት ቃል ጎድሏል፣ አንዴ ቴምብሩ ያለ ቦታው ተለጥፏል፣ አንዴ ደግሞ ገመቹ የሚለው ከደስታ ቀድሞ ተጽፏል በሚል። መርከበኛ ነኝ ስለው በሩ ላይ የነበሩትን ሰዎች ጠርቶ ስሙልኝ፣ የወለጋ መርከበኛ መጣላችሁ አላቸው። የዲዴሳን ወንዝ ነው የምትሻገረው ወይ አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ ድረስ እጠላታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አስጠራኝና ነገሩ ቀላል ነው አለኝ። አንድ ወረቀት ጽፎ አዘጋጅቷል። ገመቹ የሚለው ስም ሐሰተኛ እንደነበረና እውነተኛው ስሜ ደስታ እንደሆነ አምኜ እንድፈርም ነው። ብዕሩን ዘረጋልኝ። ብፈርም እዚያው ማኅተም ይመታልኛል። ነገር ግን በሐሰተኛ ስም የወጣ የባሕረኛ ደብተር ምን ዋጋ አለው? ሦስት ዓመት ባሕር ላይ የሠራሁትን በገዛ እጄ መሰረዜ ነበር። ይህን ሳስረዳው "ታዲያ መጀመሪያ እንደ ሰው የሚጻፍ ስም ለምን አላስጻፍክም?" አለኝ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ነገ ና፣ ከሰዓት ና፣ ሰኞ ና ሆነ።

መምህር አስፋው በዚያን ጊዜ ያስተማሩኝ ትምህርት ቤት ዋና መምህር ሆነው ነበር። ሄጄ ስሜን እርስዎ እንደለወጡት ይመስክሩልኝ አልኳቸው። አስታወሱኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር መጋጨት አልችልም አሉኝ። በዚያ ቀን ከቢሯቸው የወጣሁት ደህና ዋሉ ሳልል ነው።

የቀረኝ አባቴ ናቸው። ላክሁባቸው። ከአርጆ በበቅሎ መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ከኔ ጋር ሁለት ቀን ተቀመጡ። ሰዉ ሲያልፍ ኦቦ ዋቅጅራ፣ አካም ጅርቱ እያለ ሰላም ይላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ገባን። ጸሐፊው ቀና ሳይል "አንተ፣ ስምህ ማነው?" አላቸው።

ስልሳ ያለፉ፣ በአገራቸው ሽማግሌ ሆነው ሰው የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። አባቴ አማርኛ አይናገሩም፤ አንተና አንቱን ግን ይለያሉ። ፊታቸው አልተለወጠም። ቀስ ብለው "አኒ አባ ኢሳቲ። መቃን ኢሳ ገመቹ ዳ" አሉ። አባቱ እኔ ነኝ፣ ስሙም ገመቹ ነው ማለታቸው ነው። በአጠገቡ የቆመው ልጅ እግር ጸሐፊ የነቀምቴ ተወላጅ ነበር፤ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። ግን አስተርጓሚ ይጠራ ተባለ። አስተርጓሚው እስኪገኝ እኛ ቆመን ግማሽ ቀን ሄደ። መጥቶ ቃሉን ሲተረጉም፣ ዋና ጸሐፊው አባት ለመሆኑ ማስረጃ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን በደንብ አላስታውስም። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ዘበኛ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። አባቴ ከኋላዬ ብቻቸውን ወጡ።

ወሬው ከተማውን ዞረ። በማግስቱ ጠዋት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን መምህር አስፋው ኮታቸውን ለብሰው፣ አንድ ያረጀ የተማሪዎች መዝገብ ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ለአባቴ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ። ተራ ሳይጠብቁ በሩን ከፍተው ሲገቡ እኛም ተከተልን። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ገለጡት። በዚያ ገጽ ላይ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ገመቹ የሚለው ተሰርዞ ከላዩ ደስታ ተብሏል። ለካ መጀመሪያ ገመቹ ብለው ጽፈው ኖሯል።

"የዚህን ልጅ ስም የሰረዝኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እሱም ለውጥልኝ አላለኝም፣ አባቱም አላሉኝም። ሐሰተኛ ስም ካለ እኔ ከላይ የጻፍኩት ነው። ይህን ቃሌን ጻፈውና ልፈርም።"

ዋና ጸሐፊው መምህር፣ ይህ ነገር ለርስዎም ጥሩ አይሆንም አላቸው። እሳቸው አውቃለሁ አሉና የራሳቸውን ብዕር ከኪሳቸው አወጡ። ቆመው ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት እጄ ገባ። "ደስታ ዋቅጅራ እና ገመቹ ዋቅጅራ አንድ ሰው ስለ መሆናቸው" ይላል ርእሱ። ሁለት መስመር ነው። ለሁለት መስመር አምስት ሳምንት ተኩል። መምህር አስፋው በሚቀጥለው ዓመት ቢላ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ተዛወሩ። በምን ምክንያት እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም ለመገመት አልተቸገርንም።

አባቴን በቅሎዋ ላይ ሳወጣቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ያ ሰውዬ እኔን አንተ ሲለኝ አንተ እሱን አንቱ ማለትህን ለምን አልተውክም አሉኝ። ማኅተሙን ስለምፈልግ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። የልጅነቴ ዱላ ሁሉ ተደምሮ እንደዚያች ጥያቄ አላመመኝም።

አሰብ ስደርስ ፈተናው ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። የሚቀጥለው ከስምንት ወር በኋላ ነው ተባልኩ። አሚ ዑመር ጨምረውት የነበረው ጉዞ አልቆ ወርደዋል። ሁለት ቀን ወደቡ ላይ ጠብቀውኝ ነበር አሉኝ ሰዎቹ፤ ከዚያ ወደ ምፅዋ የሚሄድ ጀልባ ተገኘና ተሳፈሩ። እኔም ወደ ዝገቴ ተመለስኩ። በአምስተኛው ወር ምፅዋ ስንደርስ ቤታቸውን አጠያይቄ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ነበሩ። ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

ፈተናውን አለፍኩ። ፈታኙ የውጭ አገር ካፒቴን ሠላሳ ሁለቱን የኮምፓስ አቅጣጫዎች ከሰሜን ጀምሬ እየዞርኩ እንድጠራ አደረገኝ። የነፍስ አድን ጀልባ አስወረደኝ፣ መሪ አስያዘኝ። ገመድ ሲሰጠኝ ሦስት ዙር ይበቃል አለ። እኔ አምስት አድርጌ ሰጠሁት። ገለባብጦ አየውና ምንም ሳይል አለፈ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ማን ብለን እንጻፍ ሲሉኝ ገመቹ ዋቅጅራ አልኩ፤ የሚከራከረኝ አልነበረም።

በአንደኛ ደረጃ ባሕረኛነት መጀመሪያ መሪ የተረከብኩት ከአሰብ ስንወጣ ረፋድ ላይ ነው። ባሕሩ ዝርግ ብሏል። መኮንኑ አቅጣጫውን ነገረኝ፤ በደንቡ መሠረት እኔም ጮክ ብዬ ደግሜ አልኩና መሪውን ያዝኩ። አራት ዓመት ያህል የጠበቅኋት ሰዓት ናት። አሚ ዑመርን ላስባቸው፣ ለሳቸው ልጸልይላቸው አስቤ ነበር። ቀኑ የሳቸው ነበር። ኮምፓሱን እያየሁ ስቆም ግን በዓይኔ የመጣብኝ የዚያ ጸሐፊ ፊት ነው፤ ቀና ሳይል፣ ብዕሩን ወደኔ እንደዘረጋ። አስወጣዋለሁ ብል አልወጣም አለኝ። እስከ ፈረቃዬ መጨረሻ ድረስ አራት ሰዓት ሙሉ ከፊቴ ቆመ። ያቺን ቀን እንኳ ቀማኝ።